ተቀነሰልኝ ወይስ ተቀነሰብኝ?

ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ስትገዙ «እታለም፣ ትንሽ ቀንሺልኝ እንጂ» ትላላችሁ። ደመወዝ ወጥቶ ወረቀቱን ስታዩ ደግሞ «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው የቀነሱብኝ?» ትላላችሁ። ግሱ አንድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ልኝ» እና «ብኝ» ግን ገንዘቡ ወደ ማን እንደሄደ ትናገራለች። አማርኛ እየተናገረ ያደገ ሰው እነዚህን ሁለቱን አይሳሳትም። ልጅም አይሳሳትም።

ችግሩ የሚመጣው ነገሩ ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው። ወረቀት «ተቀናሽ» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ለእኔ ይሁን በእኔ ላይ፣ ይመለስ አይመለስ፣ የመንግሥት ይሁን የማኅበሩ ወይስ የራሴ፣ ምንም የለም። አንዲት ቃል፣ ከሥሯ ቁጥር።

የምሠራው እዚህ ባሕር ዳር አንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ፔሮል፣ የደመወዝ መክፈያውን ሰነድ፣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህች ቃል በየወሩ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ደመወዝ በወጣ ማግስት ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል፤ መጠየቁ ደግሞ መብቱ ነው፣ የገዛ ላቡ ነው። ዛሬ እየደጋገምኩ የምመልሰውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደናግረው የግብር ሰንጠረዡ ነው። የሥራ ግብር ምጣኔ በሐምሌ 2017 ተሻሽሏል፣ ታውቃላችሁ። እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ሆነ። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ። ሰንጠረዡን አትመን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። በስተቀኝ በኩል አንድ ተጨማሪ ዓምድ አለ፣ «ተቀናሽ» የሚል፤ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350፣ 2,050 እያለ ይወርዳል።

አንድ ሹፌራችን ይህን ሲያነብ ቆየና «ጋሼ፣ 25 በመቶው አንሶ 850 ብር ደግሞ ተጨማሪ ልትቆርጡብን ነው?» አለኝ። ፊቱ ተቀያይሯል። ደመወዙ 8,000 ብር ነው። በእሱ ስሌት 2,000 ብር ግብር፣ በላዩ ላይ 850፣ ከዚያ ጡረታ። እንዲህ ቢሆንማ ማን ይኖራል!

ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ያ 850 የሚቀነሰው ከደመወዙ ላይ አይደለም፤ ከግብሩ ላይ ነው። የ8,000 ብር 25 በመቶ 2,000 ነው፣ ከዚያ 850 ሲወጣለት የሚከፍለው 1,150 ብር ይሆናል። «ልኝ» የሚባለው ተቀናሽ ይኼ ነው። ወንበር ስቤ አስቀምጬው ደረጃ በደረጃ አብረን ሠራነው። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። ቀጣዩ 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። የቀረው 1,000 ላይ 25 በመቶ፣ 250 ብር። ድምሩ 1,150። ያው ነው። የተቀናሹ ዓምድ ይህን ሁሉ ደረጃ እየወጡ እንዳይቆጥሩ የተበጀ አቋራጭ ነው እንጂ ከማንም ኪስ የሚወጣ ብር አይደለም። በድሮው ምጣኔ ይኸው ሰው 1,445 ብር ነበር የሚከፍለው፤ አሁን 295 ብር በየወሩ እጁ ላይ ቀርቶለታል። ሲነሳ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ያቺን አቋራጭ ስሟን ብቻ በደንብ ብንጠራት ኖሮ ግን ያን ቀን ሙሉ ሲብሰለሰል ባልዋለ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጎጂ ወሬ አለ፤ ስንት ቢሮ ውስጥ እንደሰማሁት። «ደመወዝ ሲጨመርልህ ወደ ላይኛው የግብር መደብ ከገባህ፣ ጭማሪው ራሱ ተበልቶ ከበፊቱ ያነሰ ይደርስሃል» ይባላል። ውሸት ነው። 10,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ግብሩ 1,650 ነው። 10,100 ሲሆን መደቡ 30 በመቶ ላይ ይገባል፣ ግብሩም 1,680 ይሆናል። መቶ ብር ተጨመረለት፣ 30 ብር ግብር ሄደ፣ 70ው (ጡረታው ሳይነሳ) የእሱ ነው። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚነካው ከ10,000 በላይ ያለችውን መቶ ብር ብቻ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ በዚህ ወሬ የተነሳ ጭማሪም ይሁን እድገት «ይቅርብኝ» የሚል ሰው ካወቃችሁ ቁጭ አድርጋችሁ አስረዱት።

ጡረታ ሌላው ነው። ከመነሻ ደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው ይነሳል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሹፌራችን ላይ ይህ 560 ብር ነው። ግብሩም ጡረታውም ሲወጣ የሚደርሰው 6,290 ብር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመነሳቱ በፊት ባለው ሙሉ ደመወዝ ላይ ነው፤ «ጡረታዬን አውጥታችሁ በቀረው ላይ አስሉልኝ» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ግን በእኛ አገር ሕግ ተቀጣሪ ከደመወዙ ላይ ወጪ አስቀንሶ ግብር አይሰላለትም። ሁለተኛው ይበልጣል። ጡረታ «ተቀነሰብኝ» ሊባል አይገባውም። ተቀመጠልኝ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ዕድሜው የደረሰ ሰው በየወሩ የሚያገኘው አበል ምንጩ ይህች 7 እና 11 ናት። 11ዱ ወረቀታችሁ ላይ ላይታይ ይችላል፤ አለ ግን።

ለዚህ ነው ጡረታ ከሠራተኛ ላይ እየነሳ ለፈንዱ የማያስገባ አሠሪ ስሰማ ደሜ የሚፈላው። አንዲት ዘመዴ እንዲህ ደርሶባታል። ሦስት ቀጣሪ ቀይራለች፤ አንደኛው ጋ ወረቀቷ ላይ በየወሩ «ጡረታ» ተብሎ ሲነሳ ኖሮ፣ ስትጠይቅ የገባ ነገር የለም። «ተቀንሷል» ማለት እውነት ነበር። ከእሷ ተቀንሷል። የት እንደሄደ ግን ወረቀቱ አይናገርም። በግል ድርጅት የምትሠሩ ሰዎች የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ገቢ መሆኑን አሁን፣ በጤናችሁ፣ ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። ሥራ ከለቀቁ በኋላ መሮጥ ሌላ መከራ ነው።

ከግብርና ከጡረታ ወዲያ ያለው ተቀናሽ ደግሞ ገበያ ነው። የብድርና ቁጠባ ማኅበር መዋጮ አለ። የማኅበሩ ብድር ክፍያ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ዕድር አለ። ከፔዳና ከፖሊ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ተመርቀው የገቡት ልጆች ላይ የወጪ መጋራት (የተማሩበትን ወጪ መመለሻ) አለ። ፍርድ ቤት ያዘዘው የልጅ ቀለብ አለ። ሁሉም አንድ ረድፍ ላይ ይደረደሩና መጨረሻ ላይ «ጠቅላላ ተቀናሽ» ይባላሉ። እስቲ አስቡት፣ ቁጠባው የራሴ ነው። ብድሩ በልቼው ያለቀ ነው። ቀለቡ የልጄ ነው። ግብሩ የመንግሥት ነው። አራቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ለሂሳብ ክፍሉ ይመቻል፤ ለባለደመወዙ ግን ምንም አይነግረውም።

የዓባይ ግድብ ጊዜ ይህ በደንብ ታይቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ከተጣለ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ለቦንድ ብሎ በዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ እንዲነሳለት ፈረመ። እኛ ደግሞ ዓባይ ከጣና ሲወጣ የምናይ ሰዎች ነን፣ ድልድዩን በየቀኑ የምንሻገር፤ ስሜቱ ሌላ ነበር። ቦንድ ብድር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። በስጦታ የሰጠም ነበር፣ ያ አይመለስም። ፔሮሉ ላይ ግን ሁለቱም «ተቀናሽ» ነበሩ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ዛሬም ድረስ ግን የቦንድ ወረቀቱን የት እንዳደረገው የማያውቅ ሰው አለ፤ «ያኔ ለግድቡ የተቀነሰብኝ» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። የተቀነሰ ነገር ደግሞ ማን ይፈልገዋል? ቤታችሁን ፈትሹ፣ ወረቀቱ ገንዘብ ነው።

«ተቆረጠ» የሚለው ቃል ከ«ተቀነሰ» ይበረታል። ቀን ተቆረጠበት፣ አበል ተቆረጠበት ሲባል ቅጣት ይሸታል። ግን ይኸው ቃል ዞሮ ደግ ይሆናል፤ ወታደር ለቤተሰቡ በየወሩ የሚልከው «ተቆራጭ» ይባል ነበር፣ ያችን ተቆራጭ ጠብቀው ልጅ ያሳደጉ እናቶች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። ቀለብ ቆረጠ፣ ዋጋ ቆረጡ፣ የሠርግ ቀን ቆረጡ፣ ሁሉም አንድ ነገር ወሰኑ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ክፉ አይደለም። ማን ቆረጠው፣ ተስማምታችሁ ነው ወይ፣ ነው ጥያቄው።

ይህን የማነሳው ሐይቁ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ለሚሠሩት ልጆች ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሞልቶ፣ አሳ ጥብሱ ከዚህ ቢራው ከዚያ እየተባለ፣ አንድ ብርጭቆ ይወድቃል። ወር ሲደርስ «ሰብረሻል» ተብሎ ተቆርጧል። ደንበኛ ሳይከፍል ይጠፋል፣ ከአስተናጋጇ ይቆረጣል። ሳህን ጎደለ፣ ከሁሉም ላይ እኩል ይቆረጣል፣ ያልነበረበትም ሰው ጭምር። ዘፈቀደ ነው። ስንቷ ልጅ ነች ወር ሙሉ ቆማ ውላ ጉርሻዋን ይዛ ብቻ ወደ ቤቷ የገባችው!

ሕጉ ግን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችልበትን ይዘረዝራል፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስለተናደደ የሚል የለበትም። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ድምር ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። 6,000 ብር ለሚከፈላት ልጅ ሲሶው 2,000 ነው። ከዚያ በላይ ከቆረጡባት፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከሕጉ ወጥተዋል።

ሲሶ የምትለዋን ቃል ገበሬው አባቶቻችን አሳምረው ያውቋታል። መሬት ሲከራዩ ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል እየተባባሉ ነው የተዋዋሉት፤ ድርሻቸውን ከማጨዳቸው በፊት ያውቁታል። ዛሬ ሆቴል የተቀጠረች ልጅ ስንት እንደሚቆረጥባት ሳታውቅ ወር የምትጨርስበት ምክንያት የለም። ስትቀጠሪ ጠይቂ፦ ብርጭቆ ቢሰበር በምን ደንብ? የትኛው ወረቀት ላይ ነው ያለው? የሥራ ደንቡን አሳዩኝ በይ። የሚያሳይ ከሌለ ያው መልስ ነው።

ገበያም ላይ ሌላ ዓይነት ቅነሳ አለ። እህል ይዞ ከገጠር የመጣ ገበሬ ሚዛን ላይ ሲያወጣ ነጋዴው «ለማዳበሪያው አንድ ኪሎ» ብሎ ይቀንሳል። መያዣውን ማውጣት ተገቢ ነው፣ ማንም ጆንያ ከፍሎ አይበላም። ግን የላስቲኩ ማዳበሪያ ከመቶ ምናምን ግራም ብዙም አያልፍም። አንድ ኪሎ የሚጠጋው የድሮው የቃጫ ጆንያ ነበር። ጆንያው ተቀይሮ ቅነሳው እንዳለ ቀረ። አሥር ማዳበሪያ ጤፍ ላመጣ ሰው ስንት ኪሎ ጤፍ በባዶ እንደሚሄድበት አስሉት። ባዶውን ማዳበሪያ ሚዛኑ ላይ ጣል ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም።

ስልክ ላይም አለ፣ አጭር ነው። የአየር ሰዓት ተበድራችሁ ረስታችሁት ካርድ ስትሞሉ ወዲያው ይነሳል። ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ሂሳባችሁ ላይ ወጪ ካደረገ ግን ያ ተቀናሽ አይደለም፣ ስህተት ነው፣ ይመለሳል፤ ሰዓቱንና ቦታውን ይዛችሁ ባንካችሁ ጋ ሂዱ።

ለነጋዴና ለባለሙያ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ዊዝሆልዲንግ የምንለው ነው፣ በወረቀት ቋንቋ «ቅድመ ግብር» ወይም «ተቀናሽ ግብር»። አንድ አናጢ ለመሥሪያ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ሠርቶ ሲያስረክብ ከሒሳቡ ላይ በመቶኛ ተይዞ ይከፈለዋል። ለረጅም ዓመታት 2 በመቶ ነበር። የ100,000 ብር ሥራ ላይ 2,000 ብር ማለት ነው። ብዙዎቹ «በላብኝ» ብለው ይተዉታል። እንዲህ አይደለም። ያ ብር በስማችሁ ለግብር ሰብሳቢው የገባ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከምትከፍሉት ግብር ላይ ይታሰብላችኋል። ይታሰብላችኋል፣ ደረሰኙ ካለ። መሥሪያ ቤቱ ሲይዝባችሁ የሚሰጣችሁ ደረሰኝ አለ። ያች ወረቀት ከጠፋች «ልኝ» የነበረው «ብኝ» ሆኖ ይቀራል። አናጢው ወንድሜ ነው። ስንት ዓመት ደረሰኙን መሳቢያ ውስጥ ከምስማርና ከሙጫ ጋር ሲያኖረው ኖሯል፣ ግማሹ አይነበብም። አሁን አንድ ፋይል ገዝቼለት በወር በወር እየደረደርን ነው።

ወጪም እንዲሁ። መዝገብ ለሚይዝ ነጋዴ እንጨቱ፣ የሱቅ ኪራዩ፣ የሠራተኛ ደመወዙ ከገቢው ላይ ተቀንሶ ነው ትርፉ የሚታሰበው። ይኼም «ልኝ» ነው። ግን በቃል የሚቀነስ የለም፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ እውነት ቢወጣም፣ አይያዝለትም። ከመንገድ ዳር ያለደረሰኝ በርካሽ ገዛሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ዓመት ሲያልቅ ያንን ርካሽ እንደ ትርፍ ቆጥረው ግብር ያስከፍሉታል።

በመጨረሻ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጣች ጥያቄ ላንሳ፣ ደጋግማ ጠይቃኛለችና። አሥራት የማወጣው ከጥቅሉ ነው ወይስ ከሚደርሰኝ? ይህ የሂሳብ ክፍል ጥያቄ አይደለም፣ ለንስሐ አባቷ ነው የመራኋት። ግን ከመጠየቋ በፊት አንድ ነገር አብረን ሠራን። «ጠቅላላ ተቀናሽ» የተባለውን በተንነው። 3,400 ብር ነበር። ከዚያ ውስጥ 1,000ው የራሷ ቁጠባ፣ 600ው ለማኅበሩ የምትመልሰው ብድር፣ ጡረታዋ 700፣ የቀረው 1,100 ግብርና ዕድር ሊሆን ነው ብላ ገመተች። አልሆነም፤ ደመወዟ 10,000 ስለሆነ ግብሩ ብቻውን 1,650 ነው። 550 ብር ጎደለ ማለት ነው፣ ዕድሩ ሳይገባ። ወደ ሰነዱ ተመልሰን ስናይ ቁጠባዋ 1,000 ሳይሆን 400 ኖሯል፤ ፎርሙን ስትሞላ 400 ብላ፣ ኋላ በቃሏ «ወደ 1,000 አሳድጉልኝ» ብላ፣ ማኅበሩ በጽሑፍ ስላላገኘ ሳይቀይረው ቀርቷል። 50 ብሯ የዕድር ነበረች። ስትቆጥብ የኖረች እየመሰላት ወራት አልፈዋል። አዲስ ፎርም ሞልታ ሰኞ አስገብታለች።

ከዚያ ወዲህ የእኛን የደመወዝ ወረቀት ቀይሬዋለሁ። «ተቀናሽ» የሚለውን ርዕስ አንስቼ ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ግብር፣ ለራስዎ የተቀመጠ፣ ለሌላ የሚከፈል። ቁጠባና ጡረታ መሀለኛው ላይ ናቸው፤ የአሠሪው 11 በመቶም እዚያው ከጎኑ ተጽፏል። ኃላፊዬ ወረቀቱ ረዘመ ብለዋል፣ ግን ፈርመውበታል።